ልጁን ማስተማር ወይስ መሣሪያውን መቆለፍ?

አትላንታ ውስጥ የሚሠሩ ሐኪሞች ከ8 እስከ 12 ዓመት የሆናቸውን 64 ወንዶች ልጆች በ29 ትንንሽ ቡድኖች ከፋፍለው፣ ከጀርባው ሆኖ ማየት የሚያስችል መስተዋት ባለው ክፍል ውስጥ ለ15 ደቂቃ ተዋቸው። በክፍሉ መሳቢያዎች ውስጥ ሁለት የውሃ ሽጉጦችና አንድ እውነተኛ ሽጉጥ ተቀምጠዋል። እውነተኛው ጥይት አልጎረሰም። በውስጡ ግን ምላጩ ለመተኮስ በሚበቃ ጉልበት ሲሳብ ከመስተዋቱ ጀርባ ለሚከታተሉት የሚጠቁም የሬዲዮ ማሠራጫ ተገጥሞለታል። 21 ቡድኖች ሽጉጡን አገኙት። ካገኙት 16ቱ አንስተው ያዙት፤ በ10ሩ ቡድኖች ደግሞ ቢያንስ አንድ ልጅ ምላጩን ሳበ። ሽጉጡን ካዩት ልጆች ግማሽ ያህሉ መጫወቻ ይሁን እውነተኛ አልለዩም ነበር።

ጥናቱ በ2001 በ«ፔዲያትሪክስ» መጽሔት ታተመ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ብዙ ያነጋገረው ከሙከራው በኋላ የመጣው መልስ ነው። ሽጉጡን የነኩት ወይም ምላጩን የሳቡት ልጆች ሲጠየቁ፣ ከመቶ ከ90 በላይ የሚሆኑት ስለ መሣሪያ ጥንቃቄ ከዚያ በፊት ተነግሯቸው እንደነበር ተናገሩ። የሰሙትን አልረሱም። እጃቸው ግን ሄደ።

አሜሪካ ውስጥ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ያልበረደ ክርክር የሚሽከረከረው በዚህ ዙሪያ ነው። ቤት ውስጥ መሣሪያ ካለ፣ ሕፃኑን «አትንካ» ብሎ ማሠልጠን ነው የሚያድነው ወይስ አዋቂውን በሕግ አስገድዶ ማስቆለፍ? ሁለቱም ይደረግ ማለት ቀላል ነው፤ ብዙ ሰው የሚለውም ይህንኑ ነው። ችግሩ አንዱ ሲደረግ ሌላው የተደረገ ያህል መቆጠሩ ላይ ነው።

ነገሩ የአሜሪካውያን የቤት ጣጣ ብቻ አይደለም። በአሌክሳንድሪያና በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በዳላስ፣ በሚኒያፖሊስ፣ በዴንቨር አቅራቢያ ባለችው አውሮራ የሚኖረው አበሻ ነዳጅ ማደያ ያስተዳድራል፣ መጠጥ መሸጫ ይከፍታል፣ ሌሊት ታክሲ ይነዳል። አንዳንዱ ዘረፋን ፈርቶ ሽጉጥ ገዝቶ ቤቱ አስገብቷል። ያልገዛውም ቢሆን ቅዳሜ ልጁን የሚያደርስበት ቤት አለ። ከአስር አሜሪካውያን አራቱ ያህል የሚኖሩት መሣሪያ ባለበት ቤት ነው።

ከ2020 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ከ1 እስከ 19 ዓመት ባለው ዕድሜ ከሌላው ምክንያት ሁሉ በላይ የሚገድለው ጥይት ሆኗል፤ ለረጅም ጊዜ አንደኛ የነበረውን የመኪና አደጋ በልጧል። እዚህ ላይ ሐቀኛ መሆን ያስፈልጋል። ከነዚህ ሞቶች አብዛኞቹ ግድያና ራስን ማጥፋት ናቸው፤ በስህተት ባርቆ የሚገድለው ጥቂቱን ድርሻ ይይዛል። ጥቂት ሲባል ግን ባዶ ማለት አይደለም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል መረጃ ከሚሰጡት ግዛቶች ሰብስቦ እንዳወጣው፣ ከ2003 እስከ 2021 ባለው ጊዜ ከ18 ዓመት በታች የሆኑ 1,262 ልጆች በስህተት በተተኮሰ ጥይት ሞተዋል። 85 በመቶው የደረሰው መኖሪያ ቤት ውስጥ ነው። ከሦስቱ በሁለቱ አደጋው የደረሰው አንድ ሰው በመሣሪያው ሲጫወት ወይም ለሌላው ሲያሳይ ነበር።

የክርክሩን መነሻ ለማየት ፍሎሪዳን መከተል ይበጃል። ሁለቱም መልሶች እዚያ፣ በአንድ ዓመት ልዩነት ተወለዱ።

ማሪየን ሃመር የፍሎሪዳን የመሣሪያ ባለቤቶች ወክለው ለብዙ ዓመታት ምክር ቤቱን ያስጨነቁ ሴት ናቸው። ኋላም የብሔራዊው የጠመንጃ ማኅበር፣ የኤንአርኤ፣ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዝዳንት ሆነዋል። በ1988 ማኅበሩ በእሳቸው ጠንሳሽነት ኤዲ ኢግል የሚባል የካርቱን ንስር ይዞ መጣ። ንስሩ ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ አራተኛ ክፍል ላሉ ልጆች አራት ትእዛዝ ይሰጣል፦ መሣሪያ ስታይ ቁም፣ አትንካ፣ ከቦታው ሽሽ፣ ለትልቅ ሰው ንገር። ትምህርቱ መሣሪያ ጥሩ ነው ወይም መጥፎ ነው አይልም። መልእክቱ አጭር ነው፣ ለሕፃን አፍ ይመቻል፤ በብዙ ሺህ ትምህርት ቤቶችም ገብቷል። ተቃዋሚዎች ንስሩን ከሲጋራው ግመል ከጆ ካሜል ጋር አመሳስለው፣ ለልጆች መሣሪያ ማስተዋወቂያ ነው አሉ። ይህ ክስ የተጋነነ ይመስለኛል። አራቱ ትእዛዞች በራሳቸው ምንም ክፋት የለባቸውም። ጥያቄው ማን ላይ ሸክም ይጭናሉ የሚለው ነው።

በማግስቱ ዓመት በ1989 ክረምት ላይ እዚያው ፍሎሪዳ ውስጥ ልጆች ቤት ውስጥ ባገኙት መሣሪያ የተኮሱባቸው አደጋዎች ተከታተሉ። ምክር ቤቱም በአሜሪካ የመጀመሪያ የሆነውን ሕግ አወጣ፦ ጥይት የጎረሰ መሣሪያ ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ሊደርስበት በሚችል ቦታ ትቶ፣ ልጁ አንስቶ ጉዳት ካደረሰ ባለቤቱ ይጠየቃል። ሌሎች ግዛቶች ተከተሉ። በ1997 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ ጥናት እንዲህ ያለ ሕግ ያወጡ 12 ግዛቶችን መረመረ። ከ15 ዓመት በታች ባሉ ልጆች መካከል በስህተት በሚተኮስ ጥይት የሚደርሰው ሞት 23 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች ቁጥሩን እንደገና ሲፈትሹት ግን ጎልቶ የወጣው የፍሎሪዳ ለውጥ ብቻ ሆነ፤ እዚያ ሞቱ በግማሽ ያህል ወርዷል። በሌሎቹ ግዛቶች ልዩነቱ እርግጠኛ ለመሆን የሚያበቃ አልነበረም። የፍሎሪዳ ሕግ ጥፋቱን ከባድ ወንጀል አድርጎ ይቀጣ ነበር፤ ብዙዎቹ ግዛቶች እንዲህ አላደረጉም። ጋዜጦችም የፍሎሪዳን አደጋ በሰፊው አውርተውት ስለነበር፣ ሕጉ መውጣቱን ያልሰማ የመሣሪያ ባለቤት ብዙ አልነበረም።

ትምህርቱስ ምን አመጣ? መልሱ አስተማሪዎችን የሚያስከፋ ነው፤ ግን በዝርዝር መታየት አለበት።

በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ መጀመሪያ ተመራማሪዎች ከ4 እስከ 7 ዓመት ያሉ ልጆችን ስለ መሣሪያ አስተምረው፣ ከዚያ መጫወቻ በበዛበት ክፍል ውስጥ ሽጉጥ አስቀምጠው በስውር ተመለከቱ። የተማሩትም ያልተማሩትም እኩል ተጫወቱበት። ፋርጎ በሚገኘው የሰሜን ዳኮታ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሬይመንድ ሚልተንበርገርና ባልደረቦቹ ነገሩን የበለጠ አጠሩት። ሁለት ዓይነት ሥልጠና ለ4 እና ለ5 ዓመት ልጆች ሰጡ። አንደኛው የንስሩ ትምህርት ነው፤ ሁለተኛው ልጁ ደጋግሞ በተግባር የሚለማመድበት። ውጤቱን የለኩበት መንገድ ነው ጥናቱን ጥሩ ያደረገው። አንደኛ፣ ልጁን ምን ታደርጋለህ ብለው ጠየቁት፤ በሁለቱም መንገድ የሠለጠኑት በትክክል መለሱ። ሁለተኛ፣ አስመስለህ አሳየኝ አሉት፤ በተግባር የተለማመዱት ልቀው ተገኙ። ሦስተኛ፣ ልጁ እየታየ መሆኑን ሳያውቅ በራሱ ሽጉጡን እንዲያገኘው አደረጉ። እዚህ ላይ ሁለቱም ወደቁ።

ማወቅ፣ ማድረግ መቻልና ማንም በሌለበት ማድረግ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የሕፃን ትምህርት የሚለካው አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ነው፤ «አትንካ ነው የሚባለው» ብሎ ሲመልስ አባት በኩራት ጭንቅላቱን ይነካካዋል። የአራት ዓመት ልጅ ግን የሚያብረቀርቅ ነገር ሲያይ ከትዝታው በፊት እጁ ይቀድማል። ይህ የአስተዳደግ ጉድለት አይደለም፤ ዕድሜው ነው። ጉልበት የለውም ብሎ መጽናናትም አይቻልም። በ1995 የወጣ መለኪያ እንደሚያሳየው ከ3 እስከ 4 ዓመት ካሉ ልጆች ከአራቱ አንዱ፣ ከ5 እስከ 6 ካሉት ደግሞ 70 በመቶው በሁለት ጣት 10 ፓውንድ የሚጠይቅ ምላጭ ለመሳብ የሚበቃ ኃይል አላቸው። ብዙ ሽጉጦች ከዚያ ያነሰ ይበቃቸዋል።

ለትምህርቱ የሚናገር ማስረጃም አለ። ሚልተንበርገር፣ ኋላ ወደ ደቡብ ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተዛውሮ የቀጠለው ሥራ፣ ልጁ በስውር ፈተናው ሲወድቅ አሠልጣኙ እዚያው ብቅ ብሎ ወዲያው ደጋግሞ ሲያለማምደው ብዙዎቹ ልጆች መሣሪያውን ሳይነኩ መሄድን እንደሚማሩ አሳየ። ይህ ግን አድካሚ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ ብቻውን፣ ቤቱ ድረስ ሄዶ፣ ሳያውቅ መፈተንን ይጠይቃል። በ2023 ደግሞ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከ8 እስከ 12 ዓመት ባሉ 226 ልጆች ላይ የተሠራ ጥናት፣ አንድ ደቂቃ የሚፈጅ የመሣሪያ ጥንቃቄ ቪዲዮ ያዩት ከሳምንት በኋላም ሽጉጥ ሲያገኙ ለአዋቂ መንገራቸው ካላዩት በሦስት እጥፍ ከፍ ብሎ ተገኘ። ደስ ይላል። ቁጥሩን ግን ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ ቪዲዮውን ካዩት የተናገሩት 34 በመቶ ብቻ ናቸው፤ 39 በመቶዎቹም ሽጉጡን ነክተውታል። ከአስር አራት ልጅ ጣቱን የሚያሳርፍበት መከላከያ ብቻውን መከላከያ ተብሎ አይታመንም።

በ2024 ቴኔሲ ትምህርት ቤቶች ሁሉ የመሣሪያ ጥንቃቄ እንዲያስተምሩ በሕግ አዘዘች፤ በ2025 አርካንሳስና ዩታ ተመሳሳይ መንገድ ያዙ። በክፍል ውስጥ የሚሰጠው ትምህርት በአብዛኛው ሚልተንበርገር በመጀመሪያው መለኪያ የፈተነው ዓይነት ነው።

ወላጆች ይህን ሲሰሙ ቶሎ የሚሉት «የእኔ ልጅ የት እንዳለ እንኳ አያውቅም» ነው። አላባማ ገጠር ውስጥ ባለ አንድ ክሊኒክ የተሠራና በ2006 የወጣ ጥናት ይህን ፈተነ። ወላጆችንና ከ5 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆቻቸውን ለየብቻ ጠየቁ። ልጄ የት እንደሚቀመጥ አያውቅም ካሉት ወላጆች 39 በመቶዎቹን የገዛ ልጆቻቸው አስተባበሏቸው። ልጄ ነክቶት አያውቅም ካሉት ከመቶ 22ቱ ደግሞ ልጆቻቸው «ነክቻለሁ» አሉ። ከ10 ዓመት በታች ካሉት 73 በመቶዎቹ ቦታውን ያውቁታል። ስለ ጥንቃቄ ልጆቻቸውን ያነጋገሩ ወላጆችም ካላነጋገሩት እኩል ተሳስተዋል። ለበዓል የተገዛ ከረሜላ ቁም ሳጥን ላይ ደብቆ የሚያውቅ ወላጅ ለዚህ ጥናት አያስፈልገውም።

መደበቅ መቆለፍ አይደለም የሚለውን ቨርጂኒያ ውስጥ በጥር 2023 የሆነው ያሳያል። ኒውፖርት ኒውስ ከተማ አንድ የ6 ዓመት ልጅ መምህርቱን ክፍል ውስጥ በጥይት መታት፤ መምህርቷ በሕይወት ተርፋለች። ሽጉጡን የገዛችው እናቱ ናት። ቤተሰቡ ሽጉጡ ተቆልፎ ነበር ቢልም፣ መርማሪዎች ቤቱን ፈትሸው ቁልፍም መቆለፊያም አላገኙም። ልጁ እንደተናገረው መሳቢያ ላይ ወጥቶ ከፍታው ላይ ከተቀመጠው የእናቱ ቦርሳ ውስጥ ወሰደው። እናትየው ማሪዋና እየተጠቀሙ መሣሪያ መያዝን በሚከለክለው የፌዴራል ሕግ 21 ወር፣ በግዛቲቱ ፍርድ ቤት ደግሞ ልጅን ባለመጠበቅ ሁለት ዓመት ተፈረደባት። ቨርጂኒያ ከ14 ዓመት በታች ያለን ልጅ ሕይወት አደጋ ላይ በሚጥል ግድየለሽነት የጎረሰ መሣሪያ መተውን ትቀጣለች። ወንዙን ተሻግሮ ሜሪላንድ ከጥቅምት 2023 ጀምሮ ዕድሜውን ከ16 ወደ 18 ከፍ አድርጋለች፤ ቴክሳስ ከ17 በታች፣ ሚኒሶታ ከ18 በታች ይላሉ። እንዲህ ያለ ሕግ የሌላቸው ግዛቶችም አሉ። ከቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ወደ ሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤት የቀየረ ሰው ሳያውቀው ሌላ ሕግ ሥር ገብቷል።

የዋሽንግተን ዲሲ ታሪክ ለየት ይላል። ከተማዋ መሣሪያ ቤት ውስጥ ተፈታቶ ወይም ምላጩ ተቆልፎ እንዲቀመጥ ታስገድድ ነበር። በ2008 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሄለር ጉዳይ አምስት ለአራት ተከፋፍሎ ይህን ሻረ፤ ምክንያቱም ሕጉ ራስን ለመከላከል እንኳ ቢሆን መሣሪያውን ዝግጁ ማድረግን ይከለክል ነበር። በዚያው ውሳኔ ውስጥ ግን ዳኛ ስካሊያ አደጋን ለመከላከል ስለ መሣሪያ አቀማመጥ የሚወጡ ሕጎችን ውሳኔው እንደማይነካ ጻፉ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ነው የሚያስታውሰው።

የማስቆለፍ ሕግ ተቃዋሚዎች የሚያነሱት ነጥብ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ሌሊት በር ሲሰበር ቁልፍ ፍለጋ የሚዳክር ሰው ምን ይጠቅመዋል? ገንዘብ ተቀባይ ሆኖ በሽጉጥ ተዘርፎ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲጠይቅ በቁጥር ብቻ ማባረር ድፍረት ነው። መልሱ ከፊሉ ቴክኒክ ነው፤ በጣት አሻራ ወይም በጥቂት ቁጥር በሰከንዶች የሚከፈቱ ትንንሽ ካዝናዎች ከአልጋ አጠገብ ይገጠማሉ። ከፊሉ ግን ምርጫ ነው። ትንሽ ልጅ ባለበት ቤት ለዘራፊ ተብሎ በሰከንዶች የሚደረስበት መሣሪያ ልጁም በሰከንዶች ይደርስበታል፤ ልጁ ደግሞ እያንዳንዷን ቀን እዚያው ነው። በ2015 በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት መሠረት 4.6 ሚሊዮን ያህል የአሜሪካ ልጆች ቢያንስ አንድ የጎረሰና ያልተቆለፈ መሣሪያ ባለበት ቤት ይኖሩ ነበር።

ሌላም መልስ ከአዳኝ ቤተሰቦች ይመጣል፦ ልጁን ራሴ ወስጄ ላስተኩሰው፣ ጉጉቱ ይውጣለት። በሞንታና ወይም በዊስኮንሲን ገጠር ይህ የአባት ወግ ነው፤ ጥሩ አባት የሚሆኑበት መንገድ ነው። ለ12 ዓመት ልጅ ከአዋቂ ጋር ሲሆን ጥንቃቄን ያስተምራል ማለት ይቻላል። ለ5 ዓመቱ ግን ጉጉት ይወጣል የሚለውን የሚደግፍ ማስረጃ አላየሁም፤ እንዲያውም የሚተርፈን ምላጭ እንዴት እንደሚሳብ የሚያውቅ ልጅ ነው።

ፍሎሪዳ ግን አልጨረሰችም። በ2011 ሐኪሞች ለሕክምናው የሚያስፈልግ ካልሆነ በቀር ታካሚን ቤት ውስጥ መሣሪያ አለ ወይ ብለው እንዳይጠይቁ የሚከለክል ሕግ አወጣች። መነሻው፣ ሐኪም ለጠየቃት ጥያቄ አልመልስም ያለች እናት ሌላ ሐኪም እንድትፈልግ መነገሯ ነበር። ክርክሩ ስድስት ዓመት ፈጀ፤ በየካቲት 2017 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ የሐኪሞችን የመናገር ነፃነት ይጥሳል ብሎ የሕጉን ዋና ክፍል ሻረው። ልጁን ለክትባት ወስዶ የሚሞላው ፎርም ላይ «ቤትዎ መሣሪያ አለ?» የሚል ጥያቄ ያገኘ ኢትዮጵያዊ ወላጅ የሚደነግጥበት ምክንያት ይገባኛል። ጥያቄው ለፖሊስ የሚሄድ መስሎ ይሰማል፤ በተለይ ወረቀቱ ገና ላልተስተካከለ ሰው። ሐኪሞቹ የሚጠይቁት ግን የመኪና መቀመጫ ቀበቶና መዋኛ ገንዳ በሚጠይቁበት አንድ መስመር ላይ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ለዓመታት የያዘው አቋም ግልጽ ነው፦ ከሁሉ የሚሻለው ልጅ ያለበት ቤት መሣሪያ አለመኖሩ ነው፤ ካለ ጥይቱ ወጥቶ፣ ተቆልፎ፣ ጥይቱም ለብቻው ተቆልፎ ይቀመጥ።

ይህ ምክር ከሕፃኑ ይልቅ ታላቅ ወንድሙን ያድናል የሚሉ አሉ፤ ትክክል ናቸው። በ2005 የወጣ ጥናት መሣሪያን መቆለፍ፣ ጥይት ማውጣት፣ ጥይቱን መቆለፍና ሁለቱን ለያይቶ ማስቀመጥ እያንዳንዳቸው ከታዳጊዎች ራስን የማጥፋትና የስህተት አደጋ መቀነስ ጋር ተያይዘው አገኘ። ራስን የማጥፋት ውሳኔ ብዙ ጊዜ የደቂቃዎች ነው። እስራኤል ውስጥ ሠራዊቱ በ2006 ወታደሮች ቅዳሜና እሑድ መሣሪያቸውን ይዘው ቤት እንዳይሄዱ ካዘዘ በኋላ ከ18 እስከ 21 ዓመት ባሉ ወታደሮች ዘንድ ራስን ማጥፋት 40 በመቶ ቀነሰ። የቀነሰውም በዋናነት በዕረፍት ቀናት በመሣሪያ ይፈጸም የነበረው ነው። ልጆቻቸው ሰንበትን ከነመሣሪያቸው ቤት ሲያሳልፉ ያዩ የቤተ እስራኤል እናቶች ይህን ሕይወት ያውቁታል። ለ16 ዓመት ልጅ የንስሩ አራት ትእዛዝ ምንም አይፈይዱለትም፤ ቁልፉ ግን ይፈይዳል።

ወደ አገር ቤት ስንመጣ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በጎጃም፣ በጎንደርና በወሎ ገጠር ጠመንጃ የንብረትም የክብርም ምልክት ነው፤ ክላሽ ከግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ወይም ከራስጌ ሥር ተጋድሞ ይገኛል። ለሠርግም ለለቅሶም ይተኮሳል፤ ልጆች ቀለሁን ለቅመው ይጫወቱበታል። ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፈው ትምህርት አጭር ነው፦ ቁጣ። «ዋ! እንዳትነካ!» ይባላል፤ ልጁ አባቱ ፊት አይነካም። አባት እርሻ ሲውል የሚሆነውን የፋርጎው ሙከራ ነግሮናል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 በጥር 2020 በተወካዮች ምክር ቤት ሲጸድቅ ክርክሩ ያተኮረው በፈቃድ፣ በሕገ ወጥ ዝውውርና ማን ይታጠቅ በሚለው ላይ ነበር። በኋላ የመጡት ጦርነቶች መሣሪያውን አበዙት። ግጭት ባለበት ቀዬ ለሚኖር ገበሬ «ቆልፈህ አስቀምጥ» ማለት ምን ያህል እንደሚሰማ አላጋንንም። ካርታውን ከጠመንጃው ነቅሎ፣ ጥይቱን በሳጥን ውስጥ በጓጉንቸር ዘግቶ ማስቀመጥ ግን የብረት ካዝና አይጠይቅም።

አንድ ሌላ ትምህርት ግን እዚያ እየተሰጠ ነው። ከ2020 እስከ 2022 በትግራይ፣ በአማራና በአፋር የተካሄደው ጦርነት ያልፈነዱ ቦምቦችና ተተኳሾች በየማሳው ጥሎ አልፏል። የተባበሩት መንግሥታትና ሌሎች የእርዳታ ድርጅቶች በትምህርት ቤትና በሰፈር ለልጆች ያስተምራሉ፦ እንግዳ ብረት ስታዩ ቁሙ፣ አትንኩ፣ በመጣችሁበት ተመለሱ፣ ለትልቅ ሰው ንገሩ። ከንስሩ ትእዛዝ ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። እዚህ ግን ትምህርቱ ትክክለኛ ቦታው ላይ ነው። ማሳው ላይ የወደቀውን ቦምብ ማን እንደጣለው አይታወቅም፤ የሚቆልፈው ባለቤት የለውም፤ የማምከኛ ቡድን እስኪደርስ ከልጁ ጥንቃቄ ሌላ የሚታመን ነገር የለም። አሌክሳንድሪያ ባለ አፓርታማ ውስጥ ያለው ሽጉጥ ግን ባለቤት አለው፤ ስሙ ደረሰኝ ላይ ተጽፏል። ባለቤት ያለውን ነገር ባለቤት እንደሌለው ቆጥሮ ለሕፃን አደራ መስጠት ነው የንስሩ ፖለቲካ ስህተት።

ሕፃኑን ማስተማር ይተው ማለት አይደለም፤ ልጁ የሚውለው እኛ ቤት ብቻ ስላልሆነ ትምህርቱ ለሰው ቤት ስንቁ ነው። ማስፈራራት ሳይሆን ማለማመድ ይሻላል፤ ሲያይ እንዲቆም፣ እንዲወጣ፣ መጥቶ እንዲናገር፣ ሲናገርም እንደማይቆጡት እንዲያውቅ። መጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል። «ማን ነካ አለህ?» ተብሎ የተቆጣ ልጅ ለሁለተኛ ጊዜ መጥቶ አይናገርም።

አዋቂው ላይ የሚቀረው ሥራ ብዙ ወጪ የለውም። ከ2005 ጀምሮ በወጣው የፌዴራል ሕግ ፈቃድ ያለው ሻጭ ሽጉጥ ሲሸጥ መቆለፊያ ወይም ማስቀመጫ አብሮ መስጠት አለበት፤ ብዙ የፖሊስ ጣቢያዎችም የኬብል መቆለፊያ በነፃ ያድላሉ። ሚሺጋን ውስጥ በ2021 በኦክስፎርድ ትምህርት ቤት አራት ተማሪዎችን የገደለው የ15 ዓመት ልጅ ወላጆች በ2024 ጥፋተኛ ተብለው እያንዳንዳቸው ከ10 እስከ 15 ዓመት ሲፈረድባቸው፣ ችሎት ፊት ከቀረቡት ነገሮች አንዱ ከሽጉጡ ጋር የተሸጠው ኬብል ነበር። ከፕላስቲክ መጠቅለያው አልወጣም። ሌሎች ሽጉጦች የነበሩበት ካዝና ደግሞ ቁጥሩ ከፋብሪካ እንደመጣ ሦስት ዜሮ ነበር።

ከዚህ በኋላ የሚከብደው መጠየቅ ነው። አሜሪካ ውስጥ ልጅ ወደ ጓደኛው ቤት ከመሄዱ በፊት ወላጅ ስለ መሣሪያ እንዲጠይቅ የሚያበረታታ ዘመቻ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ አለ። ለእኛ ጥያቄው ነውር ይመስላል፤ ሰውን የጠረጠርን ይመስለናል። ስለ ውሻና ስለ ኦቾሎኒ አለርጂ የምትጠይቅ እናት ግን «እህቴ፣ አትቀየሚኝና፣ ለሁሉም የምጠይቀው ነው፤ ቤት ውስጥ መሣሪያ አላችሁ? ተቆልፏል? ጥይቱስ?» ማለት ትችላለች። ከባልየው ጋር ከሆነ ወሬው ደግሞ «ጋሼ፣ ልጆቹ ላይ ታች የሚሮጡት እናንተ ጋ ስለሆነ ነው» ብሎ መጀመር ይቀላል። መልሱ ካላረካ ልጆቹ ቅዳሜ እኛ ቤት ይጫወቱ።